የመመረቂያ ጥናታችሁን ከመጨረሻው ጀምራችሁ አቅዱ

በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ በየዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት ጭንቀት ይታያል። ተመራቂ ተማሪዎች በመቶ የሚቆጠር የተሞላ መጠይቅ ታቅፈው አማካሪያቸው ቢሮ በር ላይ ይቆማሉ፤ “ይህን እንዴት እንተንትነው?” ይላሉ። ጊዜ ሄዶበታል፣ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ሰው ተለምኖበታል። መረጃው ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንዲሆን እንደተሰበሰበ ግን ቀድሞ የወሰነ የለም። በዚያ ሰዓት ደግሞ ተመልሶ መጠየቅ የማይታሰብ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጥናት ልትጀምሩ ለተዘጋጃችሁ ተማሪዎች ነው፤ አብዛኛው ለማስተርስም ያገለግላል። ምክሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ መጨረሻ ላይ በእጃችሁ መኖር ያለበትን ነገር ቀድማችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ እስከ ዛሬ ድረስ ኑ። ነገሩ ጨበጥ እንዲል አንድ ምሳሌ ይዤ እዘልቃለሁ፤ በሐዋሳ ከተማ የባጃጅ አሽከርካሪዎች በምን እንደሚቆጥቡ የሚያጠኑ አራት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አሉ እንበል። ተማሪዎቹም ቁጥሮቻቸውም ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው። የእናንተ ርዕስ ስለ ወባ ወይም ስለ ትምህርት ጥራት ቢሆንም የምትሄዱበት መንገድ ብዙም አይለይም።

ጥያቄውን አጥብቡ

ብዙ ተማሪ መጀመሪያ ይዞት የሚቀርበው ርዕስ “የወጣቶች ሥራ አጥነት በኢትዮጵያ” ወይም “የቁጠባ ባህል በከተሞቻችን” ዓይነት ነው። ይህን ያህል የሰፋ ነገር ባለሙያና በጀት ያለው ተቋም ዓመታት ወስዶ የሚሠራው ነው፤ አራት ተማሪ በአንድ ሴሚስተር አይሞክረውም። ማንን፣ የት፣ በየትኛው ጊዜ፣ ምኑን እንደምታጠኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እስክትችሉ ድረስ አጥብቡት። የምሳሌያችን ተማሪዎች ሲያጠቡት ሲያጠቡት እዚህ ይደርሳሉ፦ “በሐዋሳ ከተማ ታቦር ክፍለ ከተማ በማኅበር የታቀፉ የባጃጅ አሽከርካሪዎች ባለፉት ሦስት ወራት በዋናነት የቆጠቡት በምን ነው? የራሱን ባጃጅ የሚነዳውና ተቀጥሮ የሚነዳው በዚህ ይለያያሉ ወይ?”

ጥያቄው ለሥራ የሚሆን ከሆነ መልሱ ወዲህም ወዲያም ሊወጣ ይችላል። “ድህነት ቁጠባን ይጎዳል ወይ?” ብሎ ለመጠየቅ መስክ መውጣት አያስፈልግም። ተቀጥሮ የሚነዳው ወጣት ከባንክ ይልቅ ዕቁብ ይመርጥ እንደሆነ ግን ሳይጠየቅ አይታወቅም፤ መልሱም ለማኅበሩም ለባንኩም ይጠቅማል።

ርዕሳችሁ ላይ “ተጽዕኖ” የሚለውን ቃል ለመስቀል አትቸኩሉ። “የዕቁብ ተጽዕኖ በአሽከርካሪዎች ኑሮ ላይ” ካላችሁ፣ ኑሮው የተለወጠው በዕቁቡ ምክንያት መሆኑን ማሳየት ይጠበቅባችኋል። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቆ የተሞላ መጠይቅ ይህን አያሳይም፤ ኑሮው ቀድሞ የተሻለ ሰው ዕቁብ ገብቶም ሊሆን ይችላላ። “ግንኙነት” ወይም “ልዩነት” ብትሉ የምትችሉትን ቃል ገባችሁ ማለት ነው፤ በዲፌንስ ዕለት ከሚመጡት ጥያቄዎች ግማሹንም ከወዲሁ ዘጋችሁ።

ርዕሱ ከመጽደቁ በፊት መረጃው ያለበት ቦታ ሄዳችሁ “ይህን ማግኘት ይቻላል?” ብላችሁ ጠይቁ። የማኅበሩ የአባላት ዝርዝር ለተማሪ የሚሰጥ ካልሆነ፣ ወይም ባንኩ የደንበኛ መረጃ አላወጣም ካለ፣ በኅዳር ብታውቁት ርዕስ ትቀይራላችሁ። በመጋቢት ብታውቁት መውጫ የላችሁም።

ባዶውን ሠንጠረዥ ሥሩ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ክፍል ያዙልኝ። አንድም መጠይቅ ሳታዘጋጁ፣ አንድም ሰው ሳትጠይቁ፣ በአራተኛው ምዕራፍ የሚወጡትን ሠንጠረዦች ቁጥር አልባ አድርጋችሁ ሥሯቸው። ርዕሳቸው ይጻፍ፣ ዓምዶቻቸውና ረድፎቻቸው ይሰመሩ፤ ሣጥኖቹ ባዶ ይሁኑ።

የምሳሌያችን ተማሪዎች የመጀመሪያው ሠንጠረዥ አሽከርካሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል፦ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ በሥራው የቆዩበት ዓመት፣ ባጃጁ የማን እንደሆነ። ሁለተኛው ሠንጠረዥ የጥናቱ ልብ ነው። በግራ በኩል የቁጠባ መንገዶቹ ይወርዳሉ፦ ዕቁብ፣ ባንክ፣ ቴሌብርና መሰል የሞባይል ገንዘብ፣ ቤት ማስቀመጥ፣ ሌላ፣ አለመቆጠብ። ከላይ ሁለት ዓምድ ይቆማል፦ የራሱን የሚነዳ፣ ተቀጥሮ የሚነዳ። ሦስተኛው ሠንጠረዥ የመረጡበትን ምክንያት ይይዛል። ጥናቱ ይኸው ነው፤ ሦስት ሠንጠረዥ።

አሁን ሠንጠረዡን እያያችሁ መጠይቁን ጻፉ። ወደ አንድ ሣጥን የማይገባ መልስ የሚያመጣ ጥያቄ ሁሉ ይወጣል። “ሃይማኖት?”፣ “የቤተሰብ ብዛት?”፣ “የትውልድ ቦታ?” የሚሉት ብዙ ጊዜ ከቀድሞ መጠይቅ ተገልብጠው የሚገቡ ናቸው፤ ሠንጠረዣችሁ ውስጥ ቦታ ከሌላቸው ሰውን ለምን ትጠይቁታላችሁ? በተቃራኒው ሠንጠረዡ ላይ ያለ፣ መጠይቁ ላይ የሌለ ነገር ወዲያው ይታያችኋል። የባጃጁን ባለቤትነት ሳትጠይቁ ሁለተኛው ሠንጠረዥ አይሞላም። ይህን የረሱ ተማሪዎች መርሳታቸውን የሚያውቁት መረጃው ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ባዶው ሠንጠረዥ ገንዘብም ይቆጥባል። አራት ገጽ መጠይቅ ለ330 ሰው ሲባዛ 1,320 ገጽ ነው፤ በፊትና በጀርባ ቢታተም እንኳ 660 ሉህ፣ ማለትም ከአንድ ደስጣ ወረቀት በላይ። ሠንጠረዡ ጥያቄዎቹን ወደ ሁለት ገጽ ካወረዳቸው 330 ሉህ ብቻ ይበቃል። ባጃጁን አቁሞ የሚያናግራችሁ ሰውም አምስት ደቂቃ ሲሰጥና ሃያ ደቂቃ ሲሰጥ መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም።

ቀድሞ የተጻፈውን ፈልጉ

አካባቢያችሁ ላይ የተሠራ ጥናት የለም ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፎች መደርደሪያ እዩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በኢንተርኔት ማኅደሩ ላይ በነፃ ይነበባሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር አሉላችሁ። በአፍሪካ የሚታተሙ ጆርናሎችን፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የተባለው ድረ ገጽ ሰብስቧቸዋል።

ስለ ሕዝብ ብዛት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የምታገኙት የከተማም ሆነ የክልል ቁጥር የስታቲስቲክስ አገልግሎት ያሰላው ትንበያ ስለሆነ፣ “ትንበያ” ብላችሁ ከነዓመቱ ጥቀሱት። እንደ ቆጠራ ውጤት አድርጎ የጻፈ ተማሪ በፈታኙ ፊት ቀላል ነገር ላይ ይወድቃል።

ያነበባችሁትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዞቴሮ ወይም ሜንዴሌይ በተባሉት የማጣቀሻ መመዝገቢያ ሶፍትዌሮች ላይ መዝግቡ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የኢትዮጵያውያን ስም ላይ ግን እጃችሁን አስገቡ። ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ ባሕሩ ዘውዴን “ዘውዴ፣ ባ.” ያደርጋቸዋል፤ ይህ የታሪክ ተመራማሪውን በአባታቸው ስም መጥራት ነው። ዞቴሮ ላይ ስሙን በአንድ መስክ እንዲገባ ብትቀይሩት “ባሕሩ ዘውዴ” እንዳለ ይቀመጣል። ትምህርት ክፍላችሁ የራሱ ደንብ ካለው እሱን ተከተሉ፤ ዋናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ዓመቱም እንደዚያው ነው፤ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ዓመት “ዓ.ም.” ካልተባለለት አንባቢው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ስንት ሰው፣ እነማንን

ተማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት በያማኔ ስም የሚታወቀውን የ1967 እ.ኤ.አ. ቀመር ነው፦ የጠቅላላውን ሕዝብ ቁጥር፣ ለአንድ ሲደመር የሕዝቡ ቁጥር በስሕተት ወሰኑ ካሬ ተባዝቶ፣ ማካፈል። በታቦር ክፍለ ከተማ ማኅበራት ውስጥ 1,200 አሽከርካሪ ተመዝግቧል እንበል፤ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ቢሆን 1,200 ለ4 ተካፍሎ 300 ይወጣል። እንቢ ለሚሉና ለማይገኙ 10 በመቶ ሲጨመር 330 ይሆናል።

ቀመሩ ግን ቁጥር እንጂ ሰው አይመርጥላችሁም። 330ውን በዕጣ ካልመረጣችኋቸው ስሌቱ ዋጋ ያጣል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተራ ላይ የቆሙትን ብቻ ብትጠይቁ የጠየቃችሁት በዚያ ሰዓት ሥራ ያላገኙትን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲበሩ የሚውሉት አይገኙበትም። ስለዚህ የማኅበራቱን ዝርዝር ኤክሴል ላይ አስገቡ፣ በየማኅበሩ የአባላት ብዛት ልክ ኮታ ስጡ፣ ከየዝርዝሩ በዕጣ ቁጥር አውጡ።

ሌላም አለ። ሠንጠረዣችሁ ሁለት ቡድን የሚያወዳድር ከሆነ ትንሹ ቡድን ስንት ሰው እንደሚደርሰው አስቡ። ከአምስቱ አሽከርካሪ አንዱ ብቻ የራሱን ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ ከ300ው ውስጥ 60 ሰው ብቻ ታገኛላችሁ። 60ው ደግሞ በስድስት የቁጠባ መንገድ ሲከፋፈሉ አንዳንዱ ሣጥን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይደርሰዋል። በዚያ ላይ ቆማችሁ ምንም ማለት አትችሉም። መንገዶቹን ወደ ሦስት ማሰባሰብ ወይም ከባለንብረቶቹ በርከት አድርጎ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ይህን የምትወስኑት አሁን፣ ባዶው ሠንጠረዥ ፊታችሁ እያለ ነው።

ጥናታችሁ በጥልቅ ቃለ መጠይቅ የሚሠራ ከሆነ ይህ ቀመር አይመለከታችሁም። አዲስ ሐሳብ መምጣቱ እስኪያቆም ድረስ ትጠይቃላችሁ፤ ለምን እነዚያን ሰዎች እንደመረጣችሁ ግን በጽሑፍ ታስረዳላችሁ።

ወደ ኋላ ቁጠሩ

ትልቅ ወረቀት ላይ ከኅዳር እስከ ሰኔ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሥሩና የመኝታ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። መጀመሪያ የሚጻፈው ጽሑፉ የሚረከብበት ቀን ነው። ሰኔ 5 ነው እንበል። አማካሪያችሁ ሙሉውን ረቂቅ አንብበው እንዲመልሱ ሁለት ሳምንት ስጧቸው፤ ስለዚህ ረቂቁ ግንቦት 14 እጃቸው ላይ መድረስ አለበት፣ እርማቱን የምታስገቡበት አንድ ሳምንትም ይተርፋችኋል። ትንተናና ጽሕፈት አምስት ሳምንት ይወስዳል፤ ሚያዝያ ስምንት ገደማ መጀመር አለበት። ከዚያ በፊት መረጃ ማስገባትና ማጥራት አንድ ሳምንት፣ መስክ ሁለት ሳምንት። እንዲህ እያላችሁ ስትወርዱ መስክ መውጫችሁ መጋቢት አጋማሽ፣ የመጠይቅ ሙከራው የመጋቢት መጀመሪያ፣ ደብዳቤ የማስወጣቱ ሥራ የካቲት፣ ፕሮፖዛሉ ደግሞ ጥር ላይ ያርፋል። ርዕስ ፍለጋው ከኅዳር ካለፈ የሆነ ነገር ይጨናነቃል።

የመስኩን ቀን በስሜት አትገምቱ፤ አስሉት። ሦስት ጠያቂ በቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰው ቢያናግር 36 ይሆናል፤ 330 ለ36 ሲካፈል ከዘጠኝ ቀን ያልፋል። አሥር ቀን ያዙና ለዝናብ፣ ለስብሰባ፣ ለነዳጅ ሰልፍ አራት ቀን ጨምሩበት። አራተኛው ተማሪ የሚጠይቅ ሳይሆን ያን ቀን የመጣውን ወረቀት የሚያጣራ ይሁን።

በወረቀቱ ላይ በዓላቱን በቀይ አስምሩ። የፋሲካ ሳምንት፣ የዒድ ቀናት፣ ሐዋሳ ከሆናችሁ ደግሞ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሰው በቦታው የማይገኝባቸው ናቸው። ፊቼ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። የገበያ ቀን ለባጃጅ ነጂ ሩጫ የበዛበት ነው፤ ገበሬን ለሚያጠና ግን ሰው የሚገኝበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሰኔና ሐምሌ ገጠር መንገዱ ይጨቀያል፣ ገበሬውም ማሳው ላይ ነው።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ፈተናውን ማለፍ ስላለባቸው የመጨረሻዎቹ ወራት ለሁለት ነገር ይከፈላሉ። ትንተናችሁን ለፈተናው ዝግጅት ሳምንታት ያስተላለፋችሁ እንደሆነ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ለዚህም ነው ሁሉም ነገር አንድ ወር ቀድሞ ይምጣ የምለው።

ደብዳቤና ፈቃድ

ከትምህርት ክፍላችሁ የሚወጣው የትብብር ደብዳቤ “ለሚመለከተው ሁሉ” ተብሎ እንዳይጻፍ ለምኑ። ለክፍለ ከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚሄደው በስሙ ይጻፍ፤ ለየማኅበሩም እንዲሁ። በስሙ የተጻፈለት ቢሮ ደብዳቤውን መዝግቦ ለሥራ ክፍል ይመራል፤ “ለሚመለከተው” የተባለው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንከራተታል። ደብዳቤው ላይ የጥናቱ ርዕስ፣ የተማሪዎቹ ሙሉ ስም፣ የሚፈለገው መረጃ በዝርዝር፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይኑር። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን በእናንተ ኮፒ ላይ አስጽፉ፤ በሁለተኛው ጉዟችሁ ጉዳያችሁ የሚፈለገው በዚያ ቁጥር ነው።

አርብ ከሰዓት በፊት የምትሄዱ ከሆነ የምሳ ዕረፍቱ ረዘም እንደሚል አስቡ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባለ ደግሞ ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ትንሽ ይመስላል፤ ጥናት የሚያዘገየው ግን ከስታቲስቲክሱ ይልቅ ይኸው ነው።

ከሰው ላይ የሚወሰድ መረጃ የሰውየውን ፈቃድ ይፈልጋል። ጤና ነክ ጥናት ከሆነ የተቋማችሁ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ሳይፈቅድ መስክ አትውጡ፤ ኮሚቴው በየሳምንቱ ስለማይሰበሰብ ቀኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑትን ስታጠኑ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድም ያስፈልጋል። የምሳሌያችን ተማሪዎች መጠይቃቸው ላይ ስምም የሰሌዳ ቁጥርም አይጽፉም፤ ኮድ ብቻ ይሰጣሉ። ስለ ገንዘቡ የነገራችሁ ሰው ነገሩ ወደ ገቢዎች ቢሮ እንደማይሄድ እርግጠኛ መሆን አለበት፤ እናንተም ቃላችሁን የምትጠብቁበት አሠራር ሊኖራችሁ ይገባል።

መጠይቁ ሰው አፍ ላይ ሲገባ

ትምህርት ክፍሉ መጠይቁን በእንግሊዝኛ ቢጠይቅም የምትጠይቁት በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ነው። እያንዳንዱ ጠያቂ ቆሞ በራሱ እንዲተረጉም አትተዉት፤ ሦስት ጠያቂ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። አንድ ሰው ይተርጉመው፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያዙረው፣ ሁለቱ የተለያዩበትን ቦታ ተቀምጣችሁ አስተካክሉ።

ከዚያ ሙከራ ውጡ። ከጥናቱ ቦታ ውጭ፣ ለምሳሌ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ አሥራ አምስት ያህል አሽከርካሪ ጠይቁ። ዓላማው መልሱን መሰብሰብ ሳይሆን ሰውየው የት ላይ እንደሚቆም ማየት ነው። “ወርሃዊ ገቢዎ ስንት ነው?” ስትሉት ዝም ብሎ ሰማይ ካየ፣ ጥያቄያችሁ የእሱን ሒሳብ አልያዘም። ባጃጅ ነጂ ገንዘቡን የሚያስበው በቀን ነው፤ ከነዳጅና ለባለንብረቱ ከሚያስገባው በኋላ የተረፈውን ያውቃል። “ትናንት ሠርተዋል? ነዳጅ ተቀንሶ፣ ለባለንብረቱ የሚያስገቡት ወጥቶ፣ ኪስዎ የገባው ስንት ነው?” ብትሉት ወዲያው ይነግራችኋል። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራ ጨምራችሁ ስትጠይቁ የወሩን ራሳችሁ ታሰላላችሁ።

ሰዓት ላይም ስምምነት ይኑራችሁ። “ሥራ የሚጀምሩት በስንት ሰዓት ነው?” ሲባል “አንድ ሰዓት” የሚል መልስ ይመጣል። አንዱ ጠያቂ 1፡00 ብሎ ያስገባል፣ ሌላው ወደ ስልኩ ሰዓት ቀይሮ 7፡00 ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ተቀላቅለው ግን ዋጋ የላቸውም። ሁሉም የሰማውን እንዳለ በኢትዮጵያ ሰዓት ይጻፍ፣ መቀየር ካስፈለገ መጨረሻ ላይ በአንድ ሰው እጅ ይቀየር። ባጃጁ የተገዛበት ዓመትም እንደዚሁ በዓ.ም. ይመዝገብ።

ወረቀት ከመጠቀም ኮቦ ቱልቦክስ የተባለውን የመጠይቅ መሙያ ስልክ ላይ ብትጭኑ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ መልሱን ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል። የኅትመት ወጪም መረጃ የማስገባቱም ሥራ ይቀንሳል። ሆኖም ጥቂት ባዶ ወረቀት ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ የስልክ ባትሪ ከቀትር በኋላ አይታመንም።

መስክ ላይ

ተራ አስከባሪውን ቀድማችሁ ተዋወቁ፤ ደብዳቤውን አሳዩት፣ መቼ መምጣት እንደሚሻል ጠይቁት። እሱ “የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፣ አናግሯቸው” ካለላችሁ የቀኑ ሥራ ግማሹ አለቀ። በዕጣ የወጣው ሰው ከሌለ አጠገቡ ባለው አትተኩት፤ ስልክ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ሦስት ጊዜ ካልተገኘ “አልተገኘም” ብላችሁ መዝግቡ። የጨመራችሁት 10 በመቶ ለዚህ ነበር።

ማታ ማታ አራታችሁም ተቀምጣችሁ የዕለቱን አንድ በአንድ እዩ። ያልተሞላ ሣጥን፣ የማይጣጣም መልስ (“አልቆጥብም” ብሎ ዕቁብ የጣለበትን መጠን የተናገረ) ያን ዕለት ከተገኘ ነገ ጠዋት ተራው ላይ ይስተካከላል። የእያንዳንዱን ቀን ፋይል በቀኑ ስም አስቀምጡና ሁለት ቦታ ያዙት፤ አንዱ ኢሜይል ወይም ጉግል ድራይቭ ላይ ይሁን። አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ጥናት በአንድ ቫይረስ ይጠፋል።

ቡድኑና አማካሪው

የቡድን ሥራ ላይ “ሁላችንም ሁሉንም እንሠራለን” ከተባለ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በፕሮፖዛሉ ጊዜ ማን ለምን ኃላፊ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት፦ ደብዳቤና ግንኙነት፣ የጽሑፎች ቅኝት፣ መረጃ ጥራት፣ ትንተና። ወጪውም እዚያው ይሰፍራል፤ ኅትመት፣ ትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ፣ ጥረዛ። ማን ስንት እንዳዋጣ የሚያሳይ ቀላል መዝገብ ወዳጅነታችሁን ይጠብቅላችኋል።

አማካሪያችሁ ብዙ ተማሪ ይዘው ይሆናል። “መምህር፣ ምን እናድርግ?” ብላችሁ አትሂዱ። አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፦ እስካሁን የሠራነው፣ አሁን የተቸገርንበት፣ ያሰብናቸው ሁለት አማራጮች፣ እኛ የምንመርጠው። አሥር ደቂቃ በቂ ይሆናል። ስትወጡ የተነገራችሁን ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ ከወር በኋላ “ይህን ማን ቀይሩ አላችሁ?” ሲባል መልስ ይኖራችኋል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ጥናት በክፍያ እንጽፋለን የሚሉ አሉ፤ አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ምዕራፍ በደቂቃ ይወጣል። ያልጠየቃችሁትን ሰው መልስ የፈጠረ ጽሑፍ አስረክባችሁ ብትመረቁ፣ ያ ቁጥር በሌላ ተማሪ ይጠቀሳል፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ይሁን እንጂ የራሳችሁ ይሁን።

ጽሑፉ

ከመግቢያው አትጀምሩ። መጀመሪያ የጥናት ዘዴውን ምዕራፍ ጻፉ፤ የሠራችሁትን መናገር ስለሆነ ይቀላል። ፕሮፖዛሉን ስትገለብጡ “ይሰበሰባል”፣ “ይመረጣል” የሚሉትን ሁሉ “ተሰብስቧል”፣ “ተመርጧል” በሉ፤ ፈታኞች ከሚያገኟቸው ስሕተቶች ይህ የዘወትር ነው። ቀጥሎ ባዶ ሠንጠረዦቹን ሙሉና ከእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ አንቀጽ ጻፉ። አንቀጹ ቁጥሮቹን መልሶ አይቁጠር፤ ከቁጥሮቹ ውስጥ ጥያቄያችሁን የሚመልሰውን ያውጣ። መግቢያውና የመደምደሚያው ምዕራፍ በመጨረሻ ይመጣሉ። የመፍትሔ ሐሳብ ስትሰጡ “መንግሥት ትኩረት ይስጥ” ከማለት ይልቅ ማን፣ ምን ያድርግ የሚለውን ከሠንጠረዣችሁ አውጡ፤ ተቀጣሪዎቹ ባንክ የማይሄዱት የሥራ ሰዓታቸው ከባንኩ ጋር ስለማይገጥም ከሆነ፣ ሐሳቡ ለዚያ ባንክ ቅርንጫፍ ይሁን።

ለዲፌንሱ ሦስቱን ሠንጠረዦች በትልቁ ስላይድ ላይ አድርጉ። “ለምን 330?”፣ “ለምን ታቦር?”፣ “ዕቁብና ባንክ ሁለቱንም የሚጠቀም ሰው የት ገባ?” የሚሉትን ጓደኛችሁ ቀድሞ ይጠይቃችሁ። ያላጠናችሁትን ሲጠይቋችሁ “ይህ ከጥናታችን ወሰን ውጭ ነው” ማለት ትክክለኛ መልስ ነው፤ ወሰኑን በኅዳር ያሰመራችሁት እናንተ ናችሁ።

ከዲፌንሱ በኋላ ከመበታተናችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ ቀለል ባለ አማርኛ ጻፉ፤ ቀመርና ምዕራፍ አይኑርበት፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥና አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሲዳምኛ የሚጽፍ ጓደኛ ካላችሁ በዚያም ይዘጋጅ። አንድ አንድ ቅጂ ለየማኅበሩ፣ አንዱን ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ለተራ አስከባሪዎቹም ተዉላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ በር የሚያንኳኩ ተማሪዎች አሉና፣ የደብዳቤያችሁንና የመጠይቃችሁን ቅጂ ለትምህርት ክፍላችሁ ስጡ።